ከዓይን ቀዶ ሕክምና በኋላ ጉዳት ሲደርስ፦ ቅሬታ፣ ድርድር ወይስ ክስ?

ከዓይን ቀዶ ሕክምና በኋላ እይታው የባሰበት ታካሚ ምክር አያጣም። አንዱ «ክሰሳቸው» ይለዋል፣ ሌላው «ለፈቃድ ሰጪው አመልክት» ይለዋል፣ ሆስፒታሉ ደግሞ «ትንሽ ጊዜ ይስጡት፣ ይስተካከላል» ይላል። ሦስቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚሰጡት ነገር ግን አንድ አይደለም። የሙያ ፈቃድ የሚቆጣጠር አካል ዋና ሥራው ካሳ መቁረጥ አይደለም። ፍርድ ቤት በፍትሐ ብሔር ክስ ካሳ ይወስናል እንጂ የሐኪሙን ፈቃድ አይነጥቅም። ሆስፒታሉ የማስተካከያ ሕክምና ሊሰጥ ይችላል፤ በራሱ ላይ ግን አይመሰክርም። የሚፈልጉትን የማይሰጥ በር ሲያንኳኩ የከረሙበት ጊዜ ደግሞ ከይርጋው፣ ማለትም ክስ ለማቅረብ ከተፈቀደው ጊዜ፣ ላይ ይቀነሳል።

የተቋማት ስያሜና የጊዜ ገደብ ከአገር አገር ስለሚለያይ ቀኑን በሚመለከትዎ አገር ሕግ ያረጋግጡ። የመንገዶቹ ጠባይ ግን በአብዛኛው ይመሳሰላል።

መጀመሪያ ዓይኑ

ከመብት ጥያቄው በፊት መታየት ያለበት ዓይኑ ራሱ ነው። ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ትናንት ይታይ የነበረው ዛሬ ከደበዘዘ፣ ቅላቱ ከባሰ፣ ወይም የእይታው አንድ ጎን በጥላ ከተሸፈነ፣ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ማየት አለበት። ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ዓይን ውስጥ የሚፈጠር ኢንፌክሽን በብዛት የሚነሳው በመጀመሪያው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ነው፤ እስከ ስድስት ሳምንትም ሊዘገይ ይችላል። ሕክምናው አንቲባዮቲክ ዓይን ውስጥ መውጋት ሲሆን የሰዓታት መዘግየት እይታን ያስከፍላል። ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን፣ ማለትም ሬቲና፣ ሲላቀቅም እንዲሁ ነው፤ ማዕከሉ ማለትም ማኩላው ሳይላቀቅ የተደረሰበት ዓይንና ከተላቀቀ በኋላ የተደረሰበት ዓይን ውጤታቸው አይገናኝም።

በቅያሜ ቀጠሮ ማቋረጥ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ዓይኑን ይጎዳል፤ ቀጥሎ ደግሞ ለተከሳሹ «ክትትሉን ያቋረጠው ራሱ ነው» የሚል መከላከያ ይሰጠዋል። በብዙ የሕግ ሥርዓቶች ተጎጂው ጉዳቱ እንዳይሰፋ አቅሙ የፈቀደውን ማድረግ ይጠበቅበታል፤ ካላደረገ ካሳው ይቀነስበታል። በቀዳሚው ሐኪም ላይ እምነት ካጡ ሌላ ጋ ይሂዱ እንጂ ቤት አይቀመጡ።

የታወቀ ችግር ወይስ ጥፋት?

ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ውጤት አለማምጣቱ ብቻውን ጥፋት አይባልም። አራት ነገሮች አብረው መገኘት አለባቸው፦ ሐኪሙ ወይም ተቋሙ ለታካሚው የሙያ ግዴታ ነበረበት፤ ግዴታውን አጉድሏል፤ ጉዳት ደርሷል፤ ጉዳቱም የመጣው ከዚያ ጉድለት ነው። የመጀመሪያው ብዙ አያከራክርም። ትግሉ ያለው በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ ነው።

የሞራ ቀዶ ሕክምናን እንውሰድ። ሞራው ሲወጣ ከኋላ ያለችው ስስ የሌንስ ከረጢት ልትቀደድ ትችላለች። በሠለጠነ እጅም የሚያጋጥም ነገር ስለሆነ መቀደዷ ብቻውን ክስ አያቆምም። ቀጥሎ የሆነው ግን ይጠየቃል። ሐኪሙ ከዓይኑ ውስጥ ወደ ፊት የፈሰሰውን ጄል አጽድቷል? የሞራው ስብርባሪ ወደ ዓይኑ ጀርባ ከወደቀ ታካሚውን በቶሎ ወደ ሬቲና ስፔሻሊስት ልኮታል? በቀዶ ሕክምና ማስታወሻው ላይ ጽፎታል? ለታካሚው ነግሮታል? «ያለ ምንም ችግር ተጠናቀቀ» የሚለው ማስታወሻና ሌላ ሐኪም ከሁለት ሳምንት በኋላ ያገኘው ስብርባሪ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነገሩ መልኩን ይቀይራል።

ኢንፌክሽንም ከዚህ አይርቅም። መከላከያው የታወቀ ነው፦ ቢላው ከመነሳቱ በፊት 5 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ዓይኑ ላይ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ ይቆያል፤ በስተመጨረሻም በብዙ ቦታ አንቲባዮቲክ ዓይኑ ውስጥ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የአውሮፓ ጥናት ይህ የመጨረሻው እርምጃ ኢንፌክሽኑን ወደ አምስት እጥፍ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሁሉም ተደርጎም ግን ኢንፌክሽን ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ «ለምን ተፈጠረ?» ከሚለው ይልቅ «በሦስተኛው ቀን አመመኝ ብዬ ስመጣ ለምን ሳታዩኝ ጠብታ ጨምራችሁ መለሳችሁኝ?» የሚለው ክርክር ይጠነክራል። በአንድ ቀን በአንድ ክፍል የታከሙ ሰዎች ተከታትለው ከታመሙ ደግሞ ጥያቄው ወደ መሣሪያ ማምከኛው፣ ወደ ማጠቢያ ፈሳሹ ወይም ወደ መድኃኒቱ ይዞራል፤ ተጠያቂውም ከሐኪሙ ይልቅ ተቋሙ ወይም አምራቹ ሊሆን ይችላል።

ተከሳሹ ተከራክሮ ሊከላከላቸው የሚያስቸግሩት ስህተቶችም አሉ። ያልታመመውን ዓይን መቅደድ ግልጹ ነው። በሞራው ቦታ የሚተካው ሰው ሠራሽ ሌንስ ግን ተሳስቶ ከሚገመተው በላይ በተራ ምክንያት ይገባል፦ ስማቸው የሚቀራረብ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ተራ ይይዙና የልኬት ወረቀታቸው ይቀያየራል። ወይም የዓይኑ ርዝመት ሲለካ ይሳሳታል፤ 1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ወደ 2.5 ዳይኦፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) ገደማ የሌንስ ስህተት ያመጣል። በሌዘር የእይታ ማስተካከያ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው የኮርኒያ (የዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን) ካርታ ማለትም ቶፖግራፊ አስቀድሞ ተነስቶ እንደነበር ነው። ኮርኒያው የመሳሳትና የመሾል ምልክት እያሳየ ሌዘር የተደረገለት ሰው ካርታው ራሱ ይመሰክርለታል። ከሌዘሩ በኋላ የሚቀረው የኮርኒያ ውፍረት ለሌዘሩ የሚገለጠውን ስስ ክዳን ሳይጨምር ከ250 ማይክሮን በታች እንዳይወርድ ሙያው በሰፊው የተቀበለው ልክ ስለሆነ ስሌቱም ከፋይሉ መገኘት አለበት።

ከቢላው ውጭ የሚፈጸም ጥፋትም አለ። የሬቲና ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዓይኑ በጋዝ የተሞላ ሰው ጋዙ እስኪጠፋ አውሮፕላን መሳፈር የለበትም፤ ለሌላ ሕክምናም ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን ማደንዘዣ መውሰድ የለበትም። ጋዙ እንደ ዓይነቱ ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ገደማ ይቆያል። አየር ላይ ሲስፋፋ የዓይን ግፊቱ አሻቅቦ እይታን ሊያጠፋ ይችላል። ይህን ያልተነገረውና መውጫ ወረቀቱ ላይም ያልተጻፈለት ታካሚ ጠንካራ ጉዳይ አለው።

አራተኛው ነጥብ፣ ማለትም ጉዳቱ ከጉድለቱ መምጣቱ፣ ለዓይን ታካሚዎች በተለይ ከባድ ነው። ስኳር ሬቲናውን የጎዳበት ወይም ግላኮማ ነርቡን የበላበት ሰው «ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አላይም» ሲል የሚሰማው መልስ «ቀድሞም አያዩም ነበር» ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት 6/12 ወይም 6/60 (ጤነኛ ዓይን ከ60 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር ብቻ ማየት) ተብሎ በካርዱ ላይ የሰፈረው ልኬት ለዚህ ሙግት ከማንኛውም ምስክር ይበልጣል።

«ፈርመዋል እኮ» ሲባሉ

የስምምነት ፎርም የሚያሳየው የተገለጸ አደጋን አውቀው መቀበልዎን ነው። ግድየለሽነትን መቀበልዎን አያሳይም። «ኢንፌክሽን ሊያጋጥም ይችላል» የሚል አንቀጽ ኢንፌክሽኑን በጊዜው ላለማከም ፈቃድ አይሆንም።

ፎርሙ ራሱም ይመረመራል። መቼ ተፈረመ? ብሌን ማስፊያ ጠብታ ተደርጎ ጽሑፉ በማይነበብበት ሰዓት ከሆነ፣ ማረጋጊያ ከተወሰደ በኋላ ከሆነ፣ ወይም በማያነቡት ቋንቋ ከሆነ ዋጋው ይወርዳል። በዚህ ላይ በዓለም ዙሪያ የሚጠቀስ የዓይን ጉዳይ አለ። የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 በወሰነው የሮጀርስና ዊተከር ክርክር ታካሚዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ማየት ባቃተው ቀኝ ዓይኗ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ከዚያ በኋላ ጤነኛው ግራ ዓይኗ በሰውነቷ የመከላከያ ምላሽ ተጠቅቶ ጠፋ። የዚህ ዕድል ከ14 ሺህ አንድ ገደማ ነበር። ቀዶ ሕክምናው ራሱ በአግባቡ እንደተሠራ አልተካደም። ሐኪሙ የተጠየቀው ባለመናገሩ ነው፤ ታካሚዋ ስለ ደህና ዓይኗ ደጋግማ ትጠይቅ ነበርና። ከ800 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ተፈረደላት። ፍርድ ቤቱ መለኪያው ሐኪሞች በልማድ የሚናገሩት ብቻ እንዳልሆነና በታካሚው ቦታ ያለ ሰው ማወቅ የሚፈልገውም እንደሚቆጠር ገለጸ፤ የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2015 ወደዚሁ አቋም መጥቷል። በዚህ መንገድ የሚከራከር ሰው ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ማስረዳት አለበት፦ ቢነገረው ኖሮ ቀዶ ሕክምናውን አያደርግም ነበር፣ ወይም ሌላ ይመርጥ ነበር።

መዝገቡን አስቀድመው ይያዙ

የትኛውንም መንገድ ቢመርጡ ሥራው የሚጀምረው ከፋይሉ ነው። ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርቡ፣ ቀን ይጻፉበት፣ የተቀባዩን ፊርማ ወይም ማኅተም ያለበት ቅጂ ያስቀሩ። «የሕክምና ማጠቃለያ» ብቻ ከሰጡዎ አይበቃም፤ የሙሉውን ካርድ ቅጂ ይጠይቁ። በተለይ እነዚህን፦

- ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተለካው እይታ፣ የዓይን ግፊትና የሬቲና ምርመራ
- የዓይን ርዝመትና የሌንስ ኃይል የታተመበት የልኬት ወረቀት፤ ለሌዘር ከሆነ የኮርኒያ ካርታና ውፍረት
- የስምምነት ፎርሙ፣ ከነሰዓቱ
- የቀዶ ሕክምና ማስታወሻ፣ የማደንዘዣ መዝገብና የደህንነት ማረጋገጫ ቅጽ
- በገባው ሌንስ ማሸጊያ ላይ የነበረው ተለጣፊ
- ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጉብኝቶች፣ የሬቲና ምስሎችና የአልትራሳውንድ ውጤቶች ከነሙሉ ፋይላቸው

ተለጣፊው ትንሽ ወረቀት ናት፤ ብዙ ትናገራለች። የሌንሱ ሞዴል፣ ኃይሉ በዳይኦፕተርና መለያ ቁጥሩ ይሰፍርባታል። ከልኬት ወረቀቱ ጋር ያስተያዩአት። ወረቀቱ ለቀኝ ዓይን 21.0፣ ለግራ 18.5 መርጦ በቀኝ ዓይን ቀዶ ሕክምና ገጽ ላይ የተለጠፈችው 18.5 የምትል ከሆነ የሌንስ መሳሳት ጥያቄ ሊቃውንት ሳይጨምር በወረቀቱ ላይ ተመልሷል። ተለጣፊው ጨርሶ ከሌለ መጥፋቱን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልዎ ይጠይቁ።

ከራስዎ በኩል ደግሞ የቀን ቅደም ተከተል ይጻፉ፦ መቼ አመመዎ፣ ለማን ደወሉ፣ ምን ተባሉ። የስልክ ጥሪ ዝርዝሩን፣ የጠብታ ጠርሙሶቹን፣ ደረሰኞቹንና ዓይኑን በየቀኑ ያነሱበትን ፎቶ አያጥፉ። ፎቶው እይታን ባይለካም ቅላትና መግል መቼ እንደታየ ያስረዳል።

ቀጥሎ ነጻ የሐኪም አስተያየት ያስፈልጋል። የሞራ ሐኪምን ስለ ሬቲና፣ የሬቲና ሐኪምን ስለ ሌዘር አያስመስክሩ፤ በዚያው ዘርፍ የሚሠራ፣ ከቀዶ ሐኪሙ ጋር የሥራ ወይም የዝምድና ትስስር የሌለው ይሁን። የሚጠይቁትም «አጥፍቷል ወይ?» ብለው ሳይሆን «በዚያ ሁኔታ ብቁ የዓይን ሐኪም ምን ያደርግ ነበር? ያ ቢደረግ እይታው ምን ያህል ይተርፍ ነበር?» ብለው ነው። ብዙ ሐኪሞች በባልደረባቸው ላይ መጻፍ አይወዱም። ከሌላ ከተማ ወይም ከሌላ አገር መፈለግ የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ምስሎቹን በሙሉ ፋይል ይጠይቁ ያልነውም ለዚህ ነው።

መንገዶቹን በምን እንመዝናቸው?

ከሁሉ የሚቀድመው በመጨረሻ የሚያገኙት ነገር ነው፦ ሕክምና፣ ማብራሪያ፣ ገንዘብ ወይስ የሙያ ቅጣት። ሁለተኛው የማስረጃው ክብደት ነው፤ በወንጀል የሚፈለገው ማስረጃ በፍትሐ ብሔር ከሚፈለገው እጅግ ይከብዳል። ሦስተኛው ጊዜና ይርጋ፣ አራተኛው ወጪና ቢሸነፉ የሚከፍሉት ነው። አምስተኛውን ሰዎች ይረሱታል፦ ይህ መንገድ ሌሎቹን ይዘጋል?

ከሐኪሙና ከተቋሙ ጋር በቀጥታ

ርካሹና ፈጣኑ ይህ ነው፤ ዓይኑ ገና ሊስተካከል የሚችል ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው መሆን አለበት። የገባው ሌንስ ከተሳሳተ ቶሎ መቀየር ከዘገየ ይቀላል፤ ሲቆይ ከረጢቱ ላይ ስለሚጣበቅ። በቃል ብቻ አይነጋገሩ፤ ከስብሰባው በኋላ የተባለውን በአጭር ደብዳቤ ጽፈው ይላኩ። «ማብራሪያ እፈልጋለሁ፣ የማስተካከያ ሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይገለጽልኝ» ይበቃል። በአንዳንድ አገሮች ሐኪሙ «አዝናለሁ» ማለቱ እንደ ጥፋተኝነት እንዳይቆጠር ሕግ ስላለ ይቅርታውን ብቻውን ማስረጃ አድርገው አይተማመኑበት።

ድክመቱ ግልጽ ነው፤ የሚመረምረው ተጠርጣሪው ራሱ ነው። «ኮሚቴው እየተመለከተው ነው» የሚል መልስ ወራት ሊበላ ይችላል፤ በብዙ ቦታ የውስጥ ቅሬታ ይርጋን አያቆምም።

ለሙያ ተቆጣጣሪው ማመልከት

ፈቃድ የሚሰጠው ወይም የሙያ ሥነ ምግባር የሚመለከተው አካል ሐኪሙን ሊያስጠነቅቅ፣ ተጨማሪ ሥልጠና ሊያዝበት፣ ፈቃዱን ሊያግድ ወይም ሊሰርዝ ይችላል። ጠበቃ ባይኖርዎም ማመልከት ይቻላል፤ ወጪውም ትንሽ ነው። በብዙ አገሮች ፋይሉን አስገድዶ የማስቀረብ ሥልጣን ስላለው መዝገብ የተከለከለ ሰው ይጠቅመዋል። በአንድ ቀን ብዙ ሰው የተጎዳበትን ጉዳይም ወደዚህ መውሰድ ይሻላል፤ ሌሎች ሳይጎዱ ክፍሉን ሊያሳሽግ የሚችለው ይህ ነው።

ገንዘብ ግን ከዚህ አይጠብቁ። ውሳኔው «የሥነ ምግባር ጉድለት የለም» ቢልም የካሳ ክስ አበቃ ማለት አይደለም፤ ተቃራኒው ውሳኔም ካሳን አያረጋግጥም። ሁለቱ የሚመዝኑት የተለያየ ነገር ነው።

ድርድር፣ ሽምግልና እና የሐኪሙ ኢንሹራንስ

አብዛኛውን ጊዜ ለታካሚው የሚበጀው ይህ ይመስለናል፤ ሆኖም ነጻ የሐኪም አስተያየት ሳይያዝ መግባት ኪሳራ ነው። ከፊትዎ የሚቀመጠው ሐኪሙ ሳይሆን የኢንሹራንሱ ባለሙያ ነው፤ ስንት ጉዳይ አይቷል። በወራት ሊያልቅ ይችላል፣ ምስጢር ይጠበቃል፣ እንደ ነጻ የማስተካከያ ቀዶ ሕክምና ያለ ፍርድ ቤት በቀላሉ የማያዘውንም ማግኘት ይቻላል።

አደጋው የመጨረሻው ገጽ ላይ ነው። «ከዚህ በኋላ በማንኛውም መልኩ ጥያቄ አላነሳም» የሚለውን ከፈረሙ በሩ ተዘጋ። የዓይን ጉዳት ደግሞ ዘግይቶ ይሰፋል፦ ዛሬ የተጎዳ ኮርኒያ ከዓመታት በኋላ ንቅለ ተከላ ሊጠይቅ ይችላል፤ ከፍ ያለ የዓይን ግፊት ነርብ ይበላል፤ የተጎዳ ሬቲና ደግሞ ሊላቀቅ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ነገር ያድርጉ። ዓይኑ መረጋጋቱን ሐኪም እስኪያረጋግጥ የመጨረሻ ስምምነት አይፈርሙ፤ ይርጋው ከተቃረበ ደግሞ ይርጋውን የሚያራዝም የጽሑፍ ስምምነት ይጠይቁ፣ አገሩ የማይፈቅድ ከሆነ ክሱን አስገብተው ይደራደሩ። ስምምነቱም ለወደፊት ሕክምና የተለየ መስመር ይኑረው። ቅድመ ክፍያ «ለመልካም ግንኙነት» ተብሎ ሲሰጥ ከደረሰኙ በስተጀርባ የመብት መተው ቃል እንደሌለ ያንብቡ።

ጥፋት ሳይመረመር የሚከፈል ካሳ

ይህ በሁሉም አገር የለም። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የአደጋ ጉዳትን በመንግሥት ፈንድ ትክሳለች፤ በሕክምና የደረሰ ጉዳትም ይካተታል። በምትኩ በፈንዱ ለተሸፈነ ጉዳት ካሳ ጠይቆ መክሰስ በአብዛኛው አይቻልም። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የታካሚዎች ኢንሹራንስ አላት። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ሕግ ያለ ጥፋት የደረሰ ከባድ የሕክምና አደጋን በተወሰነ መመዘኛ ትክሳለች። የታከሙት እንዲህ ባለ አገር ከሆነ ከዚህ ይጀምሩ፤ የሐኪሙን ጥፋት ማስረዳት ስለማያስፈልግ የማስረጃው ሸክም ይቀላል።

የፍትሐ ብሔር ክስ

ከባዱ፣ ረጅሙ፣ ከተሳካ ግን ሙሉ ካሳ የሚያስገኘው መንገድ ነው። ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው ያለፈና የወደፊት የሕክምና ወጪን፣ የጠፋ ገቢን፣ የረዳት ወጪንና የሕሊና ጉዳትን ነው። የዓይን ካሳ የሚሰላው በተስተካከለ እይታ መሆኑን ይወቁ። በመነጽር 6/6 የሚያይ ሰው ጉዳቱ ትንሽ ይባላል። በዓለም ጤና ድርጅት ምድብ መሠረት በተሻለው ዓይን ከ6/18 በታች መካከለኛ የእይታ ጉድለት፣ ከ3/60 በታች ደግሞ ዓይነ ስውርነት ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ሁሉንም አይናገርም። በአንድ ዓይን ብቻ የቀረ ሾፌር፣ ልብስ ሰፊ ወይም ብየዳ ሠራተኛ ርቀት መገመት ይቸግረዋል፤ በሌሊት መብራቱ የሚበተንበትም አለ። እነዚህን በእይታ ሜዳና በንፅፅር እይታ ምርመራ ካላስለኩ ወረቀቱ ላይ አይኖሩም።

ይርጋው ጨካኝ ነው። በእንግሊዝ ለምሳሌ ጉዳቱ ከደረሰበት ወይም ተጎጂው ካወቀበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ነው። ሌላ አገር ሊያጥር፣ መቆጠሪያውም ከቀዶ ሕክምናው ቀን ሊጀምር ይችላል፤ ለሕፃናት የተለየ ነው። የመንግሥት ሆስፒታል ሲከሰስ በአንዳንድ አገሮች ቅድመ ማስታወቂያ በአጭር ጊዜ ካልተሰጠ ክሱ ይወድቃል። የተሸነፈ ወገን የአሸናፊውን ወጪ የሚከፍልበት አገር ከሆነ ደግሞ መድፈር ብቻ አይበቃም። ማንን መክሰስም ያስቡበት፦ ሐኪሙ ተቀጣሪ ከሆነ ተቋሙ አብሮ ይጠየቃል፤ በኪራይ ክፍል የሚሠራ ከሆነ ግን ሊለይ ይችላል።

የወንጀል አቤቱታ

ለተራ ስህተት አይደለም። መዝገብ መፋቅ፣ ያለ ፈቃድ ማከም፣ ሰክሮ መቅደድ፣ በግልጽ የታወቀ አደጋን ንቆ ማለፍ ሲኖር ቦታው እዚህ ነው። ጉዳዩን ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ስለሚይዙት ከእጅዎ ይወጣል፤ ማስረጃው ከጥርጣሬ በላይ ካልሆነ ተከሳሹ ነጻ ይወጣል። በአንዳንድ አገሮች የካሳ ጥያቄን አብሮ ማቅረብ ይቻላል። ለማስፈራሪያ ብቻ መጠቀም ድርድሩን ያበላሻል፤ በራስዎም ላይ ክስ ሊያመጣ ይችላል።

በማኅበራዊ ሚዲያ የሐኪሙን ስም ማውጣት እንደ መንገድ አይቆጠርም። የስም ማጥፋት ክስ ይጋብዛል፤ በንዴት የጻፉት ቀንና ዝርዝር ከካርዱ ጋር ካልገጠመ ደግሞ በኋላ በእርስዎ ላይ ይነበባል።

በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| መንገድ | የሚያስገኘው | የማስረጃ ክብደት | ጊዜ | ወጪ | ዋና አደጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| ቀጥታ ንግግርና የውስጥ ቅሬታ | ማብራሪያ፣ የማስተካከያ ሕክምና | ቀላል | ሳምንታት | በጣም ትንሽ | ይርጋ እየሄደ መቆየት |
| ሙያ ተቆጣጣሪ | ማስጠንቀቂያ፣ የፈቃድ እገዳ | መካከለኛ | ወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ | ትንሽ | ካሳ የለውም |
| ድርድርና ሽምግልና | ገንዘብ፣ ሕክምና፣ ምስጢር | መካከለኛ፤ ነጻ አስተያየት ያሻል | ወራት | መካከለኛ | መብት የሚዘጋ ፊርማ |
| ያለ ጥፋት ካሳ | የተወሰነ ካሳ | ጥፋት አይጠየቅም | ወራት | ትንሽ | በብዙ አገር የለም፤ ክስን ሊዘጋ ይችላል |
| ፍትሐ ብሔር ክስ | ሙሉ ካሳ | ከባድ፤ ሊቃውንት ያሻሉ | ዓመታት | ከፍተኛ | ሲሸነፉ ወጪ መክፈል |
| የወንጀል አቤቱታ | ቅጣት | እጅግ ከባድ | የማይገመት | ለተጎጂው ትንሽ | ከእጅ መውጣት |

ለማን የትኛው?

ዓይኑ ገና ሊተርፍ ለሚችል ሰው፦ ሌላ ሐኪም ጋ ይታከሙ፣ መዝገቡን በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ከተቋሙ ጋር በወጪው ላይ ይነጋገሩ። ክሱን ለጊዜው ያቆዩት፤ የይርጋውን ቀን ግን ዛሬ በጽሑፍ ይያዙት።

የተሳሳተ ሌንስ ወይም የተሳሳተ ዓይን ከሆነና ወረቀቱ ከመሰከረ፦ ወደ ድርድር ይግቡ። ተከሳሹ ክርክር ለማስረዘም ምክንያት የለውም፤ እርስዎም መጀመሪያ የቀረበልዎን የካሳ ሐሳብ ለመቀበል አይቸኩሉ።

እይታው በቋሚነት ከጠፋና መተዳደሪያዎ በዓይን ከሆነ፦ በሕክምና ጉዳይ የሚሠራ ጠበቃ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያማክሩ። ገንዘብ ካነሰ በተሸነፉ ጊዜ አበል የማይጠይቅ ውል በአገሩ የተፈቀደ መሆኑን፣ የነጻ የሕግ ድጋፍ ማእከልም መኖሩን ይጠይቁ። በውሉ ላይ የሊቃውንትን ክፍያ ማን እንደሚሸፍን በግልጽ ይስፈር፤ አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ከዚያ ነው።

ገንዘብ ሳይሆን «ሌላ ሰው እንዳይጎዳ» የሚሉ ከሆነ፦ ተቆጣጣሪው ይበቃል። ማመልከቻው ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ ቀኖቹ በቅደም ተከተል ይሁኑ፤ ስሜቱ ተትቶ ሰነዱ ይያያዝ።

ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ፣ ለምሳሌ መነጽር የሚያስተካክለው የቀረ ልኬት ወይም ከወራት በኋላ የሌንሱ ከረጢት ደብዝዞ በያግ ሌዘር የሚጠራ ከሆነ፦ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋት አይደለም። የመነጽሩን ወይም የሌዘሩን ወጪ ተቋሙ እንዲሸፍን መጠየቅ ከክስ ይሻላል።

ቀዶ ሕክምናው በሌላ አገር ወይም በአጭር ዘመቻ ላይ ከተደረገ፦ ሐኪሙ ከአገር ሳይወጣ ስሙን፣ የፈቃድ ቁጥሩንና የፈቀደለትን አካል ይያዙ። ዘመቻውን ያዘጋጀው ድርጅትና ቦታውን የሰጠው ሆስፒታል የተፈራረሙት ውል ካለ ቅጂውን ይጠይቁ፤ ክትትሉን ማን ይወስዳል የሚለው አንቀጽ ብዙ ጊዜ ተጠያቂውን ይለያል። ሌላ አገር ከታከሙ ደግሞ የሚቆጠረው ይርጋ የዚያ አገር ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የሚጠየቀው ጠበቃ የዚያው አገር ጠበቃ ይሁን።